ጳጦስን የሣልኩባቸው ግድግዳዎች

ብሩሽ ያስቀመጥኩት ሰማያዊና አረንጓዴ ዓይኔ ላይ አንድ እየሆኑ ሲያስቸግሩኝ ነው። ፍኖተ ሰላም፣ ከቤቴ ጓሮ፣ ለአንድ የገጠር ቤተ ክርስቲያን የታዘዘ የእመቤታችንን ሥዕል እየጨረስኩ ነበር። ባለቤቴ ምሳ ይዛልኝ መጥታ ከኋላዬ ቆመች፤ ቆይታም «ዛሬ መጎናጸፊያዋን ሣር አስመሰሉት» አለችኝ ቀስ ብላ። እኔ ሰማያዊ ነው ብዬ ነበር የቀባሁት። ምሳዬን በላሁ፣ ብሩሾቼን በጋዝ አጠብኩ፣ ሥዕሉን ለሌላ ሠዓሊ ሰጥቼ አስጨረስኩ። በዚያው ተውኩ።

አዘንኩ ብል እዋሻለሁ። ደርግ ወድቆ ኢሕአዴግ በገባ ሰሞን ቡሬ ላይ የያዝኩት ሥራ፣ ያ መንግሥት በቆየበት ዘመን ሁሉ እንጀራዬ ሆኖ ኖሯል። በዚያ ዘመን ገጠሩ ቤተ ክርስቲያኑን ከሣር ክዳን ወደ ቆርቆሮ እያዞረ ነበር፤ ቆርቆሮ የለበሰ ቤተ ክርስቲያን ደግሞ ውሎ አድሮ ሥዕል ያምረዋል። ሥራ ፈትቼ አላውቅም። ክፍያው አንዳንዴ ብር፣ አንዳንዴ በቆሎ ነበር፤ ስለ እሱ ይህን ካልኩ ይበቃል። ዛሬ ከቡሬ እስከ መራዊ ባለው አገር በየደብሩ ስገባ የእጄ ሥራ ከግድግዳው ላይ ሆኖ ይጠብቀኛል። ይህን ያህል ያገኘ ሰው ማዘን የለበትም።

ሰው ሲያገኘኝ «የቱ ሥዕል ይከብዳል?» ይለኛል። ስቅለት ወይም የፍርድ ቀን እንድል ይጠብቃል። እኔ ግን ጳጦስ እላለሁ። ሙሴ የአማቱን በጎች ሲጠብቅ በኮሬብ ተራራ ያየው ቁጥቋጦ ነው፤ እሳት ይነድበታል፣ እሱ ግን አይቃጠልም። ከዚያ እሳት ውስጥ እግዚአብሔር ተናገረው። ነገሩን መናገር ቀላል ነው። የሚነድና የማይቃጠል ነገር በቀለም አድርጎ ማሳየት ግን ሌላ ጉዳይ ነው፤ ማንም ሠዓሊ ቢሆን ወይ እሳቱን ያበዛዋል ወይ ቁጥቋጦውን። እኔም በዚሁ ወድቄ ተነሥቻለሁ። የምተርከውም ይህንኑ ነው።

እኔ የቡሬ ገጠር ልጅ ነኝ። ቤታችን የአዊ ቤት ስለሆነ አባትና እናቴ በአገውኛ ይነጋገሩ ነበር፤ እኛ ልጆች በሁለቱም እንናገራለን። አባቴ ቄስ እንድሆንለት ከመሪጌታ ደርሰህ ዘንድ ወስዶ አስገባኝ። መሪጌታ ዜማ ያስተምራሉ፣ ትርጓሜ ያውቃሉ፣ ሥዕልም ይሥላሉ። ዜማው ግን እንቢ አለኝ። አንድ ቀን ቃል ስቀጽል፣ ዜማዬን በቃሌ ሳሰማቸው፣ አስቆሙኝና፣ «ልጄ፣ ድምፅህ ለሰው ጆሮ አልተፈጠረም። እስኪ እጅህን አሳየኝ» አሉኝ። እጄን አገላብጠው አዩና ሙጫ ወደሚፈላበት ድስት ላኩኝ። ሥራ የያዝኩት በዚያ ቀን ነው።

ያን ጊዜ ሥዕል በቀጥታ ከግድግዳ ላይ አይሠራም። አቡጀዲ ይዘረጋል፣ ከቆዳ የተቀቀለ ሙጫና ጀሶ ይቀባል፣ ሲደርቅ በከሰል ይነደፋል፣ ከዚያ ቀለሙ ይገባል። የደረሰው ሥዕል በሙጫ ከመቅደሱ ግድግዳ ላይ ይለጠፋል። ሙጫው ከቀጠነ ክረምት ሲመጣ ሥዕሉ ይላጣል፤ ከወፈረ ይሰነጠቃል። የዚህን ልክ በጣቴ መዳበስ እስክችል ድረስ መሪጌታ ብሩሽ አላስጨበጡኝም።

የመሪጌታ ነገራቸው ሁሉ ለየት ያለ ነው። ምንባቡን በቃላቸው እያወቁት፣ ሰው ካላነበበላቸው ከሰል አያነሡም። ጀርባቸውን ለግድግዳው ሰጥተው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ይቀመጣሉ፤ እኔ አነባለሁ። «ዓይን ይቸኩላል፣ ጆሮ ይታገሣል» ይላሉ። ስሕተቴን ደግሞ ከሥዕሉ ፊት ነግረውኝ አያውቁም። ሥራ ጨርሰን ወደ ቤት ስንመለስ፣ መንገድ ላይ፣ ሌላ ወሬ እየተጨዋወትን ሳለ ጣል ያደርጉታል። «የዚያች የቅድስት ሐና እጅ ቀኙ ነው ግራው?» ይሉኛል። እኔ በልቤ ተመልሼ አየዋለሁ፤ ለካ ሁለት ቀኝ እጅ ሰጥቻታለሁ።

ጳጦስን ያስተማሩኝ አጋም ሥር አስቀምጠው ነው። ከቡሬ ወጣ ብሎ ከእርሻ ዳር አንድ ዱር አጋም ነበር።

«እስኪ ንገረኝ» አሉኝ። «ጌታ ዝግባው፣ ዋርካው ሞልቶለት ሳለ ከእሾህ ቁጥቋጦ ለምን ተናገረ?»

«አገሩ በረሃ ስለሆነ ሌላ ዛፍ ጠፍቶ ይሆናል» አልኩ።

ሳቁ። «ጠፍቶስ አይደለም። ዋርካ ቢሆን ኖሮ ሰዉ ዋርካውን ቅቤ ይቀባው ነበር።»

ከዚያ በአንድምታ አወረዱልኝ። ቁጥቋጦው እስራኤል ናቸው፣ እሳቱ የግብፅ መከራ፤ ነደደባቸው፣ አልፈጃቸውም። አንድም ቁጥቋጦው እመቤታችን ናት፣ እሳቱ መለኮት፤ አደረባት፣ አላቃጠላትም። አንድም ቁጥቋጦው የሰው ልብ ነው፤ እግዚአብሔር ሲገባበት እሾሁን ንቆ አይመለስም። ይህን ሁሉ ካሉ በኋላ አንድ ቅጠል ቆርጠው ሰጡኝና «ይህን ሣል» አሉኝ። እሳቱን እስክደርስበት ቅጠል ስሥል ሰነበትኩ። እሳቸው ሁልጊዜ ቅጠሉን ቀድመው ሥለው፣ አድርቀው፣ እሳቱን ኋላ ነው የሚያመጡት። እኔ ያን ጊዜ የሽማግሌ ዝግታ መስሎኝ ነበር።

መሪጌታ ካረፉ በኋላ ብቻዬን የወጣሁበት የመጀመሪያው ሥራ ፈረስ ቤት ነው። ደጋ ነው፤ ጉሙ ከቤተ ክርስቲያን ውስጥ ሳይቀር ይገባል። ቀለም አይደርቅልኝም፤ ከሰል በምጣድ አንድጄ ከሥዕሉ ሥር አስቀምጥ ነበር። የመሪጌታን ዓይነት ስስ እሳት ሣልኩና ከቅኔ ማኅሌቱ ቆሜ ባየው በጉሙ ውስጥ የለም፤ ጠፍቷል። ስለዚህ ቀዩን አበዛሁት፣ ነበልባሉን ከላይ እስከ ታች ለቀቅሁት። የደብሩ አለቃ ሲያዩት ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ አሉ። «ይሄስ ያሞቃል» አሉ። ከዚያ ወዲህ ስሜ ወጣ። «ያ እሳት የሚሥለው» እየተባልኩ ተጠራሁ። ፈረስ ቤት ላይ ያ እሳት ልክ ነበር፤ ዛሬም ልክ ነው እላለሁ። ችግሩ የፈረስ ቤትን እሳት ይዤ ወደ ሌላ አገር መውረዴ ነው።

መራዊ ላይ ያሠራኝ ሰው ጋሽ አበጀ የሚባሉ የእህል ነጋዴ ነበሩ፤ የቤተ ክርስቲያኑ ኮሚቴ ሰብሳቢ። ንድፉን ሳሳያቸው ደስ አላላቸውም።

«ከእሳቱ መሐል ነጭ ጢም ያላቸው ሽማግሌ አድርግልን» አሉኝ። «ሰው እግዚአብሔርን አያለሁ ብሎ መጥቶ ባዶ እሳት ምን ያደርግለታል?»

«ጋሼ፣ ሙሴ ራሱ ፈርቶ ፊቱን ሸፈነ እንጂ አላየም። እሱ ያላየውን እኔ ከየት አምጥቼ ልሣለው?»

ጋሽ አበጀ ንድፉን እህል እንደሚመዝን ሰው አገላብጠው አዩት። በመጨረሻ ራሳቸውን ነቀነቁ። «እሱስ እውነትህን ነው። እንግዲያው በጎቹን አብዛልኝ። ሰውየው እረኛ ነው፤ እረኛ ደግሞ በበጎቹ ነው የሚታወቅ።»

በጎቹን አበዛሁላቸው። ቦታ እስኪጠፋ ድረስ ሣልኩ፤ አንዷ በግ የሙሴን ጫማ ስታሸት ሁሉ አለች። እስከ ዛሬ የመራዊ ሰው ያን ግድግዳ «የበጎቹ ግድግዳ» ይለዋል። ጋሽ አበጀም እኔም ያልነው ሆነልን። በሥራዬ ዘመን ካሠሩኝ ሰዎች ሁሉ እንደ እሳቸው ተከራክሮ እንደ እሳቸው የሚረታ ሰው ብዙ አላገኘሁም።

ከዚያ በኋላ ነው ከጅጋ በላይ ወዳለች አንዲት የገጠር ማርያም የተጠራሁት።

ቤተ ክርስቲያኗ ሣር ክዳን በነበረችበት ጊዜ፣ አንድ ክረምት ከሰዓት በኋላ መብረቅ ወድቆባት ተቃጥላለች። ሕዝቡ ድንጋይ ተሸክሞ፣ ቆርቆሮ ገዝቶ እንደገና አቆማት። ገበዙ ቄስ አላምረው ይባላሉ። ታቦቷን ከእሳቱ ያወጡ እሳቸው ናቸው። ሁለቱም እጆቻቸው ተቃጥለው ድነዋል፤ ጣቶቻቸው ግን ተጣምመው ስለቀሩ መስቀል የሚይዙት በሁለት እጅ ነው። ታላቅ ወንድማቸው ይበልጣል የሚባል ገበሬ ደግሞ በዚያው ቀን ክዳኑ ተደርምሶበት ሞቷል። ይህን ሁሉ ሊወስዱኝ የመጡት ሰዎች መንገድ ላይ ነገሩኝ። እኔም ሰምቼ አዘንኩና ሥራዬን ማሰብ ጀመርኩ።

የማርያም ቤተ ክርስቲያን ጳጦስ ሳይሣልባት አትቀርም። ግድግዳዎቹን ዞሬ አየሁና ከደቡቡ በር የሚገባው ብርሃን ደስ ስላለኝ ጳጦስን በዚያ በኩል አደረግሁት። ሴቶች የሚቆሙበት በኩል ነው። እንደ ፈረስ ቤቱ አድርጌ ሣልኩት፤ ቀዩ ከታች ጀምሮ እስከ ጣሪያው ሥር ይወጣል። እውነቱን ለመናገር ከዚያ በፊት እንደዚያ ያለ እሳት ሥዬ አላውቅም። ስጨርስ መጋረጃ ጋረድኩበትና በበዓሉ ቀን እንዲገለጥ ተስማማን።

በበዓሉ ቀን መጋረጃው ተገለጠ። ወንዶቹ «እሰይ» አሉ። በሴቶቹ በኩል ግን፣ ከፊት ቆማ የነበረች አንዲት ሴት ቀና ብላ ብዙ ጊዜ አየችው፤ ከዚያ ነጠላዋን አስተካክላ፣ ሳትቸኩል፣ ወጣች። ከአጠገቧ ያሉት ተያዩ። አንዷ ተከተለች፣ ሌላዋም ተከተለች። ቅዳሴው ሳይጋመስ የሴቶቹ ቦታ ባዶ ሆነ። ሁሉም ከውጭ፣ ከግድግዳው ሥር ቆመው አስቀደሱ።

የወጣችው ሴት ወይዘሮ ትሁን ናት፤ የሟቹ የይበልጣል ሚስት።

ከቅዳሴ በኋላ ሽማግሌዎቹ ተሰበሰቡ። ክፉ ቃል የተናገረኝ የለም። «ሥራው ግሩም ነው» አሉ አንዱ። «እጅህን ይባርክ። ግን ለጊዜው መጋረጃው ይመለስበት።» መጋረጃውን መለስኩ። የተገለጠ ሥራዬን በገዛ እጄ ስሸፍን ያ የመጀመሪያዬ ነበር። በሥራዬ ዘመን ሙጫ ከድቶኛል፣ ዝናብ አበላሽቶብኛል፤ ሥዕሌን አይቶ ሰው ከቤተ ክርስቲያን የወጣው ግን ያን ቀን ብቻ ነው።

ቄስ አላምረው ቤታቸው ወሰዱኝ። ከደጃፋቸው ድንጋይ ላይ ተቀመጥን። «አንድ ነገር ልጠይቅህ» አሉ።

«ይጠይቁኝ።»

«ለሙሴ ከእሳቱ ውስጥ ተናገረው። ለኤልያስ ግን ነፋስ መጣ፣ ምድር ተናወጠች፣ እሳት መጣ፤ እግዚአብሔር በእሳቱ ውስጥ አልነበረም። ከእሳቱ በኋላ ዝግ ያለ ድምፅ ነው የመጣው። እኔ ከዚያ ቀን ወዲህ አንድ ነገር ነው የማስበው። የእኛ እሳት የማንኛቸው ነው? የሙሴ ነው የኤልያስ?»

«እኔ ሠዓሊ ነኝ፣ አባ። ይህን የሚመልስ ሰው አንቱ ነዎት።»

«እኔማ ገብቼበት አየሁት» አሉ። «እግዚአብሔርን አላየሁም። ጭስ ነው ያየሁት። ታቦቷን ይዤ ስዞር በሩ ጠፋኝ። በየት እንደገባሁ አላውቅም። ያን ጊዜ ይበልጣል ጠራኝ። ከበሩ ገብቶ ቆሞ ነበር ለካ። ‹አላምረው፣ በዚህ በኩል› አለኝ። ‹አላምረው፣ በዚህ በኩል።› ድምፁን ተከትዬ ወጣሁ። እኔ ስወጣ ክዳኑ እሱ ላይ ወረደ።»

«ወይዘሮ ትሁን ይህን ያውቃሉ?»

ራሳቸውን ነቀነቁ። «አታውቅም። ሰው የሚያውቀው ክዳኑ እንደወደቀበት ነው። እኔን ሲጠራ እንደሞተ ለማንም አልተናገርኩም። ብነግራት፣ ‹አንተ ባትገባ ኖሮ ባሌ አይሞትም ነበር› ትለኛለች ብዬ።»

ተነሥተው ወደ ቤት አስገቡኝ።

በማግሥቱ ጠዋት ወይዘሮ ትሁን ቤት ሄድኩ። ከደጃፏ ቁርበት አንጥፋ በቆሎ ትፈለፍላለች። በዕድሜ ትበልጠኛለችና እጅ ነሥቼ ቆምኩ፤ በርጩማ ሰጠችኝ።

«እታለም፣ ሥዕሉን ላወርደው ነው» አልኳት። «ከማውረዴ በፊት ይቅርታ ልጠይቅዎ ብዬ ነው የመጣሁ።»

«ለምን ይወርዳል?»

«እሳት ስላሳየሁዎ።»

አንዱን ዛላ ጨርሳ ቆረቆንዳውን ወደ ጎን አስቀመጠች። «እሳትማ በየቀኑ ከምድጃዬ አያለሁ። እሳት ብፈራ ልጆቼን ምን አበላ ነበር?»

«ታዲያ ለምን ወጡ?»

«ቄሱ ሲያነቡ የምሰማው ቁጥቋጦው ነደደ፣ አልተቃጠለም የሚል ነው። አንቱ የሣሉት ግን ተቃጥሏል። ቅጠሉን ፈለግሁት፣ አጣሁት። ቅጠል የሌለው እሳትስ እኔም አይቻለሁ። እሱን ለማየት ቤተ ክርስቲያን አልመጣም።»

ሌላ ዛላ አነሣች። የተቆጣች አትመስልም፤ ነገሩን ስለጠየቅኳት ነገረችኝ እንጂ። እኔ ግን ከበርጩማው ላይ ሆኜ ግድግዳው ትዝ ብሎኝ አየሁት። እውነቷን ነው። ከዚያ ሁሉ ቀይ ሥር አንድ ቅጠል አልነበረም። ግንድ ነበረ፤ እሱም ጥቁር።

መሪጌታ ቅጠሉን ለምን ያስቀድሙ እንደነበር ያን ጊዜ ገባኝ። እሳቱ ከኋላ ከመጣ፣ ቅጠሉ ባለበት ቦታ አልፎት ይሄዳል፤ ለቅጠሉ ቦታ ይለቅለታል። እሳቱን ቀድመህ ከሣልከው ግን ቅጠል የምታስገባበት አታገኝም። የምንባቡም ነገር ይኸው ነው። የእግዚአብሔር እሳት ማገዶ አይፈልግም፤ ያደረበትን ነገር አይበላም። ይህን የሚያሳየው ነበልባሉ ሳይሆን ያልጠወለገው ቅጠል ነው። ተራ እሳትና ያ እሳት የሚለዩት በዚያ ብቻ ነው፤ እኔ ደግሞ የሣልኩት ተራውን ነው።

አቡጀዲውን በውሃ አርሼ ከግድግዳው ላጥኩት። አዲስ ዘረጋሁ። ከቤተ ክርስቲያኗ ቅጽር ውጭ አጋም ነበር፤ ሄጄ ከሥሩ ተቀመጥኩ። ከመሐሉ የወፍ ጎጆ አለበት። እሱንም ከነጭራሮው፣ ከነወፏ ነደፍኩት። ቄስ አላምረው ዘወር እያሉ ምንባቡን ያነቡልኛል፣ እኔ ቅጠል እሥላለሁ። ቅጠሉ ሁሉ ሲደርቅ እሳቱን አመጣሁት፤ ቢጫው በቅጠሎቹ መካከል በስሱ ይወጣል፣ ከጫፉ ላይ ብቻ ይቀላል። ወፏ ከጎጆዋ አልተነሣችም። ብርሃኑ ክንፏ ላይ አርፏል።

ሙሴ ቀረ። ሠዓሊ ሁሉ ሙሴን ወደ እሳቱ ሲያይ ነው የሚሥለው፤ እኔም እስከዚያ ቀን እንዲሁ ነበር። ምንባቡን ደጋግሜ ስሰማ ግን ልቤ ሌላ ቦታ ቆመ። እሳቱ ሙሴን ከመንገዱ ዘወር አደረገው፤ ዘወር ካለ በኋላ ግን የሰማው ስሙን ነው። ሁለት ጊዜ ተጠራ። ስለዚህ አንድ ጫማውን አውልቆ፣ ሌላውን ሊያወልቅ ጎንበስ ብሎ ሳለ፣ ራሱን ዘንበል አድርጌ ጆሮውን ወደ ቁጥቋጦው አዞርኩት። ዓይኑ መሬት ላይ ነው።

ቄስ አላምረው መሰላሌን ይዘውልኝ ቆመዋል። «ምነው ጆሮውን አዞርከው?» አሉኝ።

«ስሙን ሲጠራው ነው፣ አባ። ቀደም ብለው የሙሴ ነው የኤልያስ ብለው ጠይቀውኝ ነበር። እኔ እንጃ፤ ሳነበው ግን ሁለቱም ዘንድ እግዚአብሔር የተገኘው በድምፁ ነው። ለኤልያስም ከእሳቱ በኋላ፣ ለሙሴም ከእሳቱ ውስጥ፤ የመጣላቸው ድምፅ ነው።»

ቀና ብለው አዩት፤ ከዚያ መሰላሉን ለቀቁና ከግድግዳው ሥር ተቀመጡ። እኔም ወረድኩ። የተጣመሙ እጆቻቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው እያዩዋቸው ነበር።

«ና አብረኸኝ ሂድ» አሉ በመጨረሻ። «ብቻዬን አልደፍረውም።»

ወይዘሮ ትሁን ቤት ስንደርስ ገብታ ነበር። ቄስ አላምረው ለመቀመጥ እንቢ አሉ። ቆመው፣ ለእኔ የነገሩኝን እንዳለ ነገሯት፤ ጭሱን፣ የጠፋቸውን በር፣ ወንድማቸው የተናገረውን። «ያኔ ያልነገርኩሽ ፈርቼሽ ነው» አሏት። «እኔን ሊያወጣ ገብቶ ነው የሞተው። የሆነው ይኸ ነው፤ እንግዲህ የፈለግሽውን በይኝ።»

እኔ በሩን አየሁ። ቄሱ እንደቆሙ ናቸው።

«ድምፁ እንዴት ነበር?» አለች።

«ማለት?»

«ሲጠራዎ። ያቃስት ነበር? ፈርቶ ነበር?»

ቄስ አላምረው አሰቡ። «አይ። እንደ ወትሮው ነበር። ከሰው ማሳ የገባ በሬ እንደሚመልስ ሰው ነበር የሚጣራው። ተቆጥቶ።»

ወይዘሮ ትሁን አፏን በነጠላዋ ያዘች። የምታለቅስ መስሎኝ ነበር፤ እንባዋም ወርዷል፣ ግን ትስቅ ነበር። «እሱስ ይቆጣ ነበር» አለች። «እስከ ዛሬ ‹ሲጮህ ማን ሰማው› እያልኩ ነበር የማድረው። እሱ እቴ፣ ሰው ሲያዝዝ ነበር?» ከዚያ ዓይኗን ጠረገችና ከመደቡ ላይ ጠጋ አለች። «ይቀመጡ እንጂ። ምን ቆሙ?»

ተቀመጡ። አጠገብ ለአጠገብ ሆነው ስለ ይበልጣል ማውራት ጀመሩ፤ ስለ ቁጣው፣ ስለ በሬዎቹ። እኔ ያልቀባሁት የሙሴ እግር አለብኝ ብዬ ተነሥቼ ወጣሁ።

ሁለተኛው ሥዕል የተገለጠው እሁድ ቀን ነው። በዓል አላደረግንበትም። ሴቶቹ ገና ከውጭ ከግድግዳው ሥር ነበሩ። ወይዘሮ ትሁን ብቻዋን ገባች። ከፊቱ ቆማ፣ ከታች ጀምራ ወደ ላይ፣ ቅጠል በቅጠል አየችው። ጎጆው ጋ ስትደርስ ብዙ ቆየች። ከዚያ ወደ በሩ ተመልሳ አንገቷን ብቅ አደረገች።

«ግቡ» አለቻቸው። «ብርድ ላይ ምን ታደርጋላችሁ?»

ገቡ። ቦታው ሞላ። ቄስ አላምረው መስቀሉን በሁለት እጃቸው ይዘው ሲያሳልሙ፣ እሷ ዘንድ ሲደርሱ መስቀሉን ተሳልማ እጆቻቸውንም ሳመች።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ጳጦስ ሥያለሁ፤ ሁሉንም ከቅጠሉ ጀምሬ ነው። ፈረስ ቤትም ተመልሼ ሄጄ ነበር። ያን ትልቅ እሳት አልነካሁትም፤ ከሥሩ ግን በጉም ውስጥ የሚታዩ ሰፋፊ ቅጠሎች ጨመርኩበት። አለቃው «አሁንም ያሞቃል» አሉኝ። ዛሬ «ጥሩ ሠዓሊ ነበርክ ወይ?» ብትሉኝ፣ ሳላፍር «አዎ» እላለሁ።

ጅጋ ላይ ግን ሥዕሉን ስጨርስ ሥራዬ አላለቀም ነበር። ዕቃዬን ጠቅልዬ ልሰናበት ስል ወይዘሮ ትሁን ከቅጽሩ በር ጠበቀችኝ።

«ሥዕሉ ደህና ነው» አለችኝ። «አሁን ቅጠል አለው። ግን ከሥሩ መቀመጫ የለም። ቅዳሴው ረጅም ነው፣ ጉልበታችን አልቋል። መደብ ይሠራልን።»

«እታለም፣ እኔ ሠዓሊ ነኝ እኮ።»

«ጭቃ አያውቁም?»

ዕቃዬን አወረድኩ። አፈር ቆፈርን፣ ጭድ ጨመርን፣ ሴቶቹ ውሃ ቀዱ። ቄስ አላምረው ሱሪያቸውን ሰብስበው ከጭቃው ገቡና ረገጡልኝ፤ በተጣመሙ ጣቶቻቸውም ዳር ዳሩን እያለሰለሱ ሄዱ። ከጳጦሱ ሥር፣ በግድግዳው ልክ፣ ዝቅ ያለ መደብ አወጣን። ገና ሳይደርቅ ወይዘሮ ትሁን መጥታ በእጇ ጫን ብላ ፈተነችው፤ የእጇ ምልክት ቀረበት። ልለስነው ስል «ይተውት፣ ይድረቅ» አለችኝ። እኔም ተውኩት። ሴቶቹ አሁንም ሲደክማቸው እዚያ ይቀመጣሉ።